«ቬሪ» ሁልጊዜ «በጣም» አይደለም

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ስለ ከተማዋ ስትጠይቀኝ «ጎንደር ኢዝ ቱ ቢውቲፉል» አልኳት። ግር ብሏት «ቱ ቢውቲፉል?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት የተማርነው ቬሪም፣ ቱም፣ ሶም «በጣም» ማለት ናቸው ተብለን ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ደግሞም አንድ የጉብኝት ጽሑፍ ላይ «ዚስ ቬሪ ቸርች» የሚል አነበብኩ። «ይህ በጣም ቤተ ክርስቲያን» ሊባል ነው? ቬሪን የት የት ነው መጠቀም ያለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከራሳችን «በጣም» ነው። በአማርኛ «በጣም» የማይገባበት ቦታ የለም። «በጣም ቆንጆ» ስንል ቅጽል ያጎላል፤ «በጣም እወዳታለሁ» ስንል ግስ ያጎላል፤ «ይህኛው በጣም ይበልጣል» ስንል ማነጻጸሪያ ላይ ይወጣል፤ «ዛሬ በጣም ሰው አለ» ስንል ስም አጠገብ ይቀመጣል፤ «ጨዉ በጣም በዝቷል» ስንል ደግሞ ልክ ማለፉን ይናገራል። እንግሊዝኛ እነዚህን አምስት ሥራዎች ለተለያዩ ቃላት አከፋፍሏቸዋል። «ቬሪ» የደረሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የቅጽልን ወይም እንደ «በፍጥነት»፣ «በዝግታ» ያለ ተውሳከ ግስን መጠን ከፍ ያደርጋል። በሌሎቹ አራት ቦታዎች ቬሪን ስናስገባ ወይም ዐረፍተ ነገሩ ይሰበራል፣ ወይም እንዳንቺ እንግዳ ሰሚው ሌላ ነገር ይረዳል።

ከቱ ልጀምር፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያስቸግረው እሱ ነውና። «ቬሪ» መጠኑ ከፍ ያለ መሆኑን ይናገራል፤ ፍርድ አይሰጥም። «ቱ» ግን መጠኑ ልኩን አልፏል፣ በማለፉም አንድ ነገር ተበላሽቷል ወይም አልተቻለም ማለት ነው። ስለዚህ «ቱ ቢውቲፉል» ስትያት እንግዳዋ የምትጠብቀው ቀጣዩን ነው፦ ውበቷ ከልክ አልፎ ምን ሆነ? ምን ከለከለ? እሱ ሳይመጣ ሲቀር ነው ግር ያላት።

መዝገበ ቃላት ላይ «ከመጠን በላይ» የሚል ፍቺ ታገኛለሽ፤ ትክክል ነው። ነገር ግን በየቀኑ ንግግራችን «ከመጠን በላይ» ብለን አናወራም። አማርኛ የ«ቱ»ን ሥራ የሚሠራው በግሱ መጨረሻ ላይ በሚቀጠል ድምፅ ነው፦ ጫማው ጠበበኝ፣ ሻንጣው ከበደኝ፣ መንገዱ ረዘመብኝ፣ ዋጋው ተወደደብኝ። «ጫማው ጠባብ ነው» እና «ጫማው ጠበበኝ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጫማውን መጠን ይነግራል፤ ሁለተኛው እግሬ አልገባልኝም ይላል። ይህን ልዩነት ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ እሱኑ መፈተኛ አድርጊው። አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከመናገርሽ በፊት ሐሳቡን በአማርኛ «‑ኝ» ወይም «‑ብኝ» ጨምረሽ በልብሽ በዪው። ከተስማማሽ ቱ ነው። «ጎንደር አማረችብኝ» ብለሽ ማዘን ካልፈለግሽ ቬሪ ነው።

ለሥራሽ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግዳ ወደ ደባርቅ መሄድ ፈልጎ «ሩቅ ነው?» ቢልሽ፣ ከተማው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ «ኢት ኢዝ ቬሪ ፋር» ብትዪው ርቀቱን ዐውቆ መኪና ይይዛል። «ኢት ኢዝ ቱ ፋር» ካልሽው ግን «አይሆንም፣ ተወው» ያልሽው ይመስለዋል፤ የሰሜን ተራሮችን ሳያይ ሊመለስ ይችላል። በእግሩ ሊሄድ ቢነሣ ግን «ኢት ኢዝ ቱ ፋር ቱ ዎክ» ትክክለኛው አባባል ነው፤ «በእግር ለመሄድ ይርቃል»። (በፊደላችን ሁለቱም «ቱ» ተብለው ይጻፋሉ እንጂ ከግሱ በፊት የመጣችው ሁለተኛዋ ሌላ ቃል ናት፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፏም ይለያል፣ ስትነገርም አጠር ትላለች።) ምግብም እንደዚሁ ነው። ዶሮ ወጡን ስታቀርቢ «ኢት ኢዝ ቬሪ ስፓይሲ» ማለት ማስጠንቀቂያ ነው፤ እንግዳው ራሱ «ቱ ስፓይሲ» ካለሽ ግን አቃጥሎኛል፣ አልበላውም እያለሽ ነውና ለውጪለት። «ታንክ ዩ ቱ ማች» እና «አይ ላቭ ጎንደር ቱ ማች» ከአገራችን አፍ የማይጠፉ ስሕተቶች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ «ቬሪ ማች» ይግባ።

ቱ ሦስት ቦታ ላይ ይህን ጠባዩን ይለውጣል። ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲመጣ የኛ «ም» ነው፦ «አይ ሊቭ ኢን ጎንደር ቱ»፣ «እኔም ጎንደር ነው የምኖረው»። በአሉታ ውስጥ ይለዝብና እንደ ቬሪ ይሆናል፦ «ኖት ቱ ፋር»፣ «ያን ያህል አይርቅም»። «ዩ አር ቱ ካይንድ» የሚለው ደግሞ የትሕትና ምስጋና ነው፤ ሐሳቡ «የማይገባኝን ደግነት አደረግህልኝ» ስለሆነ ልክ ማለፉ እዚያም አለ። ከነዚህ ውጭ ስትጠራጠሪ ቬሪን ምረጪ፤ የምታስቀይሚው ሰው አይኖርም።

ሶን ባጭሩ። «ሶ» ስሜት አለበት፣ ወይም ቀጣይ ይጠብቃል። «አይ ዎዝ ሶ ታየርድ ዛት አይ ስሌፕት ኢን ማይ ክሎዝስ» ሲባል «ከመድከሜ የተነሣ ከነልብሴ ተኛሁ» ነው፤ ይህን ቬሪ አይሠራውም። ብቻውን ሲመጣ ደግሞ ሰሚውም ያየውን ነገር እየተጋራሽ ነው፦ አብራችሁ ከፎቁ ላይ ሆናችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ እያያችሁ «ኢት ኢዝ ሶ ቢውቲፉል» ብትዪ ያምራል። ገና ያላየውን ነገር መረጃ አድርገሽ ስትነግሪው ግን ቬሪ ይሻላል።

አሁን ወደ ቬሪ ወደራሱ። ግስ ላይ ብቻውን አይቀመጥም። «አይ ቬሪ ላይክ» አይባልም፤ «አይ ላይክ ኢት ቬሪ ማች» ነው። ቦታውንም ጠብቂ፦ «ቬሪ ማች» የሚመጣው ከተወደደው ነገር በኋላ ነው። «አይ ላይክ ቬሪ ማች እንጀራ» ብሎ ግሱንና እንጀራውን መለየት የእንግሊዝኛን ጆሮ ይጎረብጣል። እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ስውር ወጥመድ አለው። እኛ በግስ የምንናገራቸው ብዙ ስሜቶች በእንግሊዝኛ ቅጽል ናቸው፦ ርቦኛል፣ ደክሞኛል፣ ጠምቶኛል። «በጣም ርቦኛል» ግስ ስለሆነ ተማሪው «አይ ቬሪ ሀንግሪ» ይላል፤ ቬሪ ግሱን የተካ ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ግን «አም» የምትባለዋን ማሰሪያ አይለቅም፦ «አይ አም ቬሪ ሀንግሪ»።

ስም አጠገብም እንደዚያው። ጥምቀት ሲደርስ «በጣም ሰው አለ» ለማለት «ዜር ኢዝ ቬሪ ፒፕል» አይባልም፤ «ዜር አር ኤ ሎት ኦቭ ፒፕል» ነው። ቦታ ስታመለክቺም «ፒያሳ መሐል ከተማው ላይ ነው» ለማለት የሚያስፈልገው «ራይት ኢን ዘ ሴንተር» ነው፤ «ኢን ዘ ቬሪ ሴንተር»ም ይባላል፣ ያ ግን «በጣም» ሳይሆን ኋላ የምናየው ሌላው ቬሪ ነው።

ማነጻጸሪያ ላይ ቬሪ ፈጽሞ አይገባም። «ዚስ ሩም ኢዝ ቬሪ ቢገር» የሚለውን በየመሥሪያ ቤቱ እንሰማዋለን፤ ትክክሉ «ማች ቢገር» ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቬሪ የአንድን ነገር ቁመት ከመሬት ይለካል፣ «ቢገር» ግን በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ርቀት ይናገራል፤ ለርቀቱ የተመደበው ቃል «ማች» ነው። አበላላጩ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ቬሪ ይመለሳል፦ «ዘ ቬሪ ቤስት ሩም» ማለት «ከሁሉም፣ ከሁሉም የተሻለው ክፍል» ነው። «ዘ ቬሪ ፈርስት»፣ «ዘ ቬሪ ላስት»፣ «ዘ ቬሪ ሴም» ይባላሉ። አበላላጩ በ«ሞስት» ሲሠራ ግን አይሆንም፤ «ዘ ቬሪ ሞስት ቢውቲፉል» ከማለት «ባይ ፋር ዘ ሞስት ቢውቲፉል» ይበጃል።

አንዳንድ ቅጽሎች ቬሪን በውስጣቸው ይዘው ይወለዳሉ። በአማርኛም አሉን። «ድቅድቅ ጨለማ» ካልን በኋላ «በጣም ድቅድቅ» አንልም፤ «አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል» ስንል «ጢም» በጣሙን ጨርሶታል። በእንግሊዝኛ «ሂዩጅ» ማለት «ቬሪ ቢግ» ነው፤ «ፍሪዚንግ» ማለት «ቬሪ ኮልድ» ነው፤ «ኤግዞስትድ» ማለት «ቬሪ ታየርድ» ነው። በላያቸው ቬሪ መጨመር ጢም ባለ እንስራ ላይ ውኃ መቅዳት ነው። ማጉላት ካስፈለገ «አብሶሉትሊ» ይጨመራል፦ «አብሶሉትሊ ፍሪዚንግ»። «ዩኒክ» እና «ፐርፌክት»ም እዚህ ይመደባሉ፤ አንድ ነገር ወይ ብቸኛ ነው ወይ አይደለም። «ቬሪ ዩኒክ» የሚሉ እንግሊዞችና አሜሪካውያን ሞልተዋል፤ በብሮሹር ላይ ሲጻፍ ግን ጠንቃቃ አንባቢ ይታዘባል፤ እኔም እንድትተዪው እመክራለሁ። «ቬሪ ዴሊሸስ» ድንበር ላይ ያለ ነው፤ ቢነገር የሚነቅፍ ጥቂት ነው፣ «አብሶሉትሊ ዴሊሸስ» ግን ከተወላጅ አፍ የወጣ ይመስላል።

ግስ ወለድ ቅጽሎች ላይ ደግሞ ጆሮ ያስፈልጋል። ስሜትን የሚናገሩት («ታየርድ»፣ «ሰርፕራይዝድ») ቬሪን ይቀበላሉ። አንድ ነገር የደረሰበትን የሚናገሩት አይቀበሉም። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያኖች ሠፍረውበት የነበረው የፋሲል ግቢ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበደብ የተጎዱትን ሕንፃዎች ስታሳዪ «ቬሪ ዳሜጅድ» አትበዪ፤ «ባድሊ ዳሜጅድ» በዪ። ለምስጋና «ቬሪ ማች አፕሪሺዬትድ» ይባላል፤ «ማች» መካከል ገብታ ታስታርቃቸዋለች።

ወደ «ዚስ ቬሪ ቸርች» እንምጣ፤ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ደስ የሚለው ይህ ነው። ቬሪ ሲጀመር «በጣም» አልነበረም። መነሻው በላቲን «እውነተኛ» የሚል ቃል ሲሆን በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የገባ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1066 የያዙበት ዓመት ነው። ዘመዶቹ እስካሁን ያንን ትርጉም ይዘዋል፦ «ቬሪፋይ» እውነትነቱን ማረጋገጥ ነው፣ «ቨርዲክት» የዳኞች ውሳኔ ሲሆን በቁሙ «እውነት መናገር» ነው። በዮሐንስ ወንጌል «እውነት እውነት እላችኋለሁ» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ቬሪሊ፣ ቬሪሊ» ይለዋል። «እውነተኛ» የነበረው ቃል ሲጎላመስ ማጉያ ሆነ። ይህ መንገድ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ «ከምር ቆንጆ ናት»፣ «በእውነት ደስ ብሎኛል» ስንል እኛም እውነትን ማጉያ አድርገነዋል። እንግሊዝኛም ቬሪ ሲሳሳበት «ሪሊ»ን በዚያው መንገድ አምጥቷል።

ስም አጠገብ ሲመጣ ቬሪ ያንን አሮጌ ትርጉሙን ይዞ ይቆማል፦ እውነተኛው፣ ራሱ፣ ሌላ ያልሆነው። አማርኛ ለዚህ የሚጠቀመው «ራሱ»ን እና መጨረሻ ላይ የምትቀጠለውን «‑ው» ወይም «‑ሁ» ነው፦ እዚሁ፣ እዚያው፣ ይኸው፣ ያችው። ስለዚህ «ኢን ዚስ ቬሪ ሩም» ማለት «እዚሁ ክፍል ውስጥ» ነው፤ «አት ዛት ቬሪ ሞመንት» «በዚያችው ቅጽበት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፋለች። እዚያ ቆመሽ «ዚስ ቬሪ ቸርች ሰርቫይቭድ ዘ ፋየር» ብትዪ «ከእሳቱ የተረፈችው ይህችው ናት» አልሽ። እንግዳው ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት በሌላ ዐይን ያያቸዋል። ጫፍን ለማመልከትም ይኸው ቬሪ ነው፦ «ፍሮም ዘ ቬሪ ቢጊኒንግ» «ገና ከመነሻው» ነው፣ «አት ዘ ቬሪ ቶፕ» «ጫፉ ላይ» ነው። «ዘ ቬሪ ቶት ኦቭ ኢት» ደግሞ «ገና ሳስበው» የምንለው ነው። አንድ ሕግ አጥብቀሽ ያዢ፤ ይህኛው ቬሪ ያለ «ዘ»፣ «ዚስ»፣ «ዛት» ወይም «ማይ» አይቆምም። «ኤ ቬሪ ቸርች» የሚባል ነገር የለም፤ «ኤ ቬሪ ኦልድ ቸርች» ግን አለ፣ ምክንያቱም እዚያ ቬሪ የተጠጋው «ኦልድ»ን ነው። የትኛው ቬሪ እንደሆነ ለማወቅ ቀጥሎ የመጣውን ቃል እዪ፤ ቅጽል ከሆነ «በጣም»፣ ስም ከሆነ «ራሱ»።

በአሉታ ያለውን ቬሪ ለብቻው ላንሣልሽ፤ ከእንግዶች አስተያየት ጋር የተያያዘ ነውና። «ኖት ቬሪ» በአማርኛ «በጣም አይደለም» አይደለም፤ «ያን ያህል» ወይም «ብዙም» ነው። ከዚያም በላይ በጨዋ ደንብ የተሸፈነ ቅሬታ ነው። እንግዳ «ዘ ሻወር ዎዝ ኖት ቬሪ ሆት» ብሎ ቢጽፍልሽ «ሞቆ ነበር፣ ትንሽ ቀረው» ብለሽ አትለፊው፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነበር እያለሽ ነው። «ኖት ቬሪ ክሊን» ካለሽ ክፍሉ ቆሽሿል። በተለይ እንግሊዞች ቅሬታቸውን እንዲህ ማለዘብ ይወዳሉ።

አነጋገሩ ላይም አንድ ነገር አለ። «ቨ» በአማርኛ በውሰት ቃላት ብቻ የሚመጣ ድምፅ ስለሆነ ብዙዎቻችን «ቤሪ» እንለዋለን፤ «ቤሪ» ግን እንደ እንጆሪ ያለ ፍሬ ነው። መፍትሔው አፍሽ ውስጥ አለ። የላይኛውን ጥርስሽን በታችኛው ከንፈርሽ ላይ በቀስታ አሳርፊና «ፍፍፍ» በዪ። አየሩን ሳታቋርጪ ድምፅ ጨምሪበት፤ ጉሮሮሽን በጣትሽ ብትነኪው ይንቀጠቀጣል። ያ «ቭ» ነው። ከንፈሮችሽ ሁለቱ ከተጋጠሙ ወደ «ብ» ተመልሰሻል። «ቬሪ ቤስት»ን ደጋግሞ ማለት ጥሩ ልምምድ ነው፤ ሁለቱን ድምፆች ጎን ለጎን ያስለይሻል። «ሪ» ላይ ደግሞ «ረ»ን አታጥብቂ፣ ምላስሽም አይርገብገብ። ማጉላት ስትፈልጊ «ቬ»ን ከፍ አድርጊና ትንሽ ጎትቺ፤ ቬሪን ሁለቴ መደጋገምም በንግግር ያስኬዳል፣ በጽሑፍ ግን አይመከርም።

በጽሑፍ ስትጠቀሚ ቬሪን ቆጥቢ። ባለ አራት መስመር ማስታወቂያ ውስጥ ሦስት ቬሪ ካለ አንዱም አይሰማም። ቁጥር ባለሽ ቦታ ቁጥሩን ስጪ። «ቬሪ ኦልድ ሲቲ» ከማለት ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻ ያደረጓት ከተማ መሆኗን ተናገሪ፤ «ቬሪ ሎንግ ዎል» ከማለት ግቢውን የከበበው አጥር 900 ሜትር መሆኑን ጻፊ፤ «ቬሪ ሃይ» ከማለት ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗን ንገሪ፣ እንግዳው ደረጃ ሲወጣ ለምን ትንፋሽ እንዳጠረው ይገባዋል።

ለዚያች እንግዳ ልትዪ የፈለግሽው እንግዲህ «ጎንደር ኢዝ ቬሪ ቢውቲፉል» ነበር። እስካሁን ከማረፊያችሁ ካልወጣች በመስኮት ግንቡን አሳይተሽ «ዘ ኪንግስ ሊቭድ ኢን ዛት ቬሪ ካስል» በያት፤ «ነገሥታቱ እዚያው ግንብ ውስጥ ነበር የሚኖሩት»።